ለድሬዳዋ የድሬዳዋን ዛፍ

ግልጽ ደብዳቤ

ለድሬዳዋ አስተዳደር፣ ለከተማው የአረንጓዴ ልማትና የውበት ሥራ ኃላፊዎች፣ ለችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች፤ እንዲሁም በደጁ ዛፍ መትከል ለሚሻ የድሬ ሰው ሁሉ

ጉዳዩ፦ ከተማችን የምትተክላቸው ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና አበቦች ከራሷ ቆላ እንዲመረጡ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ስንት ችግኝ እንደተተከለ በዜና እንሰማለን። የኮሪደር ልማቱም ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ሌሎች ከተሞች ወርዶ ድሬዳዋ ደርሷል፤ መንገድ ዳሩ፣ አደባባዩ፣ የወንዙ ዳርቻ ሁሉ ተክል ይጠብቃል። ከዚህ ሁሉ ሥራ ጀርባ ግን በዜና የማይነገር አንድ ወረቀት አለ፦ ለሚመጣው ክረምት ምን ምን ዓይነት ችግኝ ይፈላ የሚለው ዝርዝር። ከተማችን ከሃያ ዓመት በኋላ ጥላ ይኖራት እንደሆነ፣ ለአትክልት የምታፈስሰው ውኃ ስንት እንደሚደርስ፣ ልጆቻችን ከዛፍ ሥር ፍሬ ይለቅሙ እንደሆነ የሚወስነው ያ ወረቀት ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ስለ እሱ ነው።

እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ፣ ብዙ ዓመት ችግኝ ሳፈላ የኖርሁ ሰው ነኝ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በዝርዝሩ ላይ ቀዳሚውን ቦታ በከተማችን ዙሪያ ማንም ሳያጠጣቸው የሚኖሩት ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ይያዙት። ውሳኔው ደግሞ የተከላው ቀን ሲቃረብ መሆኑ ይቅርና ከዓመት በፊት፣ ዘር በሚለቀምበት ወቅት ይወሰን። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ምኞት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

በሀገራችን ስለ ከተማ መናፈሻ ሲታሰብ ቶሎ ወደ ዓይን የምትመጣው አዲስ አበባ ናት፤ ለምለም ሣር፣ በየቀኑ የሚጠጣ አበባ፣ ተከርክሞ የተደረደረ አጥር። ድሬዳዋ ግን ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ነው፤ የአዲስ አበባ ግማሽ። የዓመት ዝናቧም 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ እንዲሁ የአዲስ አበባን ግማሽ ያህል ነው። ያም ቢሆን በልግና ክረምት ተከፋፍሎ፣ በጥቂት ቀናት በኃይል ወርዶ የሚያልፍ ነው። ፀሐይና ነፋስ ከምድራችን ሊያተንኑ የሚችሉት ውኃ ከሰማይ ከሚወርደው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ይከርምና አንድ ሌሊት ይመጣል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ሌሊት ከ250 በላይ ሰዎች ወስዶብናል። ስለዚህ የዚህ ከተማ ዛፍ ሁለቱንም መቻል አለበት፤ ስምንት ወር ጥምን፣ የአንድ ሌሊትን ጎርፍም።

ስለ ውኃችንም ልጨምር። ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ የሳቢያን ጉድጓዶች ትውልድ አሳድገዋል። ውኃው ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያዋ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ያልፋቀች የድሬ እናት ያለች አይመስለኝም። ኮረብቶቻችን የኖራ ድንጋይ ናቸው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለውም ድንጋዩ ስላለ ነው። እንዲህ ያለ ውኃና አፈር የለመደውን ተክል ምንም አያደርገውም። ከእርጥብና ኮምጣጣ አፈር የመጣውን ግን ብረት እንዳያገኝ ያግደዋል። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ አትክልተኛው ውኃ የጠማው መስሎት ይጨምርለታል፤ በጨመረ ቁጥር ኖራው ይጨምራል። ብዙ የድሬ ግቢ ውስጥ የሚያማምሩ የተገዙ ተክሎች በዓመታቸው የሚሞቱት በእንክብካቤ ማነስ አይደለም። ቦታቸው አይደለም።

ታዲያ ቦታቸው የሆነው የትኞቹ ናቸው? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከደንገጎ ቁልቁለት ጀምሮ ወደ ከተማው፣ ከከተማውም ወደ ሽንሌ ሜዳ መውረድ ይበቃል።

ቁልቁለቱ ላይ ክትክታ አለ። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ በጋም ክረምትም የማይራገፍ፣ ፍየል ዞር ብላ የማታየው ቁጥቋጦ ነው። ተከርክሞ አጥር መሆን ይችላል፤ ዛሬ በውድ ገዝተን በየቀኑ የምናጠጣው የአጥር ተክል የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ይሠራል። ከእሱ ጎን አጋም አለ፤ አበባው ነጭ፣ ሽታው ምሽት ላይ ሰፈር የሚያዳርስ፣ ፍሬውን የማያውቅ ልጅ የሌለ። እሾኽ ስላለው ለአጥር የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ወይባም እዚያው ነው፤ ሴቶቻችን ለጢስ የሚፈልጉት፣ ግንዱ ሲያረጅ ቅርንጫፉን ደርብ በደርብ የሚዘረጋ ጥላ ዛፍ። ለጢስ ሲባል እየተቆረጠ በየዓመቱ እየራቀን ሄዷል። በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ግቢ ቢተከል ግን ከጥላውም ሌላ ዘሩን እናተርፋለን።

ድንጋዩ ላይ ቁልቋልና እሬት አሉ። የሐረርጌ ምድር የራሷ እሬቶች አሏት፤ አንዷ በዕፅዋት ተመራማሪዎች ዘንድ በሐርላ ስም የምትጠራ አሎይ ሐርላና ናት። ቅጠሏ ወፍራም፣ አበባዋ በረጅም ዘንግ ላይ የሚቆም፣ አበባ ቀሳሚ ወፎች የሚሻሙባት። በአደባባይ መካከል፣ ፀሐይ አስፋልቱን በሚያግልበት ቦታ፣ በወር አንድ ጊዜ ውኃ ብታገኝ የምትኖር ተክል ነች። በሰባት ቀን ሰባት ጊዜ የሚጠጣ አበባ እዚያ ማስቀመጥ ለአበባውም ለአጠጪውም ጭካኔ ነው። ከጎኗ ቃጫ ቢቆም፣ ግንዷ ያበጠው ባለ ሮዝ አበባዋ አዴኒየም ብትጨመር፣ ድሬዳዋን የሚመስል አደባባይ ይወጣዋል። አዴኒየምን በውጭ ሀገር ሰዎች በማሰሮ ተክለው በውድ ዋጋ ይሸጧታል፤ እኛ ግን በምሥራቁ ቆላችን በዱር አለችን።

ሜዳው ላይ ሲወረድ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው ግራር ይመጣል፤ የዕፅዋት ተመራማሪዎች አካሺያ ቶርቲሊስ የሚሉት። ሥሩ እጅግ ጥልቅ ነው፤ ገና የአንድ ክንድ ቁመት ሳይኖረው ከመሬት በታች ያለው አካሉ ከላይ ካለው ይረዝማል። ከአየር ናይትሮጂን ወስዶ አፈሩን ያለማል፣ ፍሬው በበጋ ለፍየል ይወድቃል። በደኖም እዚያው ነው፤ በበጋ ቅጠሉን የማይጥል፣ ፍሬው የሚመጠጥ፣ ከፍሬው ዘይት የሚወጣ። ጨው በበዛበት ቦታ ደግሞ የመፋቂያው ዛፍ ይቻላል፤ ሶማሌ ወንድሞቻችን ዐደይ የሚሉት። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ወደ ጎን ይሰፋል፣ አቧራ ይይዛል። የከተማው ዳር ባለው አቧራማ መንገድ ላይ ከእሱ የተሻለ የአቧራ መከላከያ አጥር አላውቅም።

ወደ ወንዙ ዳር ስንመጣ ቁርቁራና ሁመር እናገኛለን። ሁመርን ድሬ የሚያውቀው በመጠጡ ነው፤ ዛፉ ግን ከመጠጡ ይበልጣል። ረጅም ዕድሜ ይኖራል፣ ጥላው ድቅድቅ ነው፣ ነፋስ አይሰብረውም። ቁርቁራ ደግሞ ለንብ ቀለብ ነው። የመን ውስጥ በከፍተኛ ዋጋ የሚሸጠው ማር ንቦች ከቁርቁራ አበባ የሚቀስሙት ነው፤ ከየመን ጋር በንግድና በጋብቻ ለኖረች ከተማ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ከሁሉም ግን ስለ ገርቢ ብዙ ማለት እፈልጋለሁ። ፌድኸርቢያ አልቢዳ ይባላል በሳይንስ ስሙ፤ ከግራር ወገን ነው። ከሌሎች ዛፎች የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ዝናብ ሲመጣ ቅጠሉን ያራግፋል፣ በጋ ሲገባ ይለመልማል። የሐረርጌ ገበሬ ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል፤ ለዚህም ነው በማሳው መካከል የሚተወው። በክረምት ጥላ ስለማይሆንበት በቆሎውና ማሽላው ፀሐይ ያገኛል፤ የረገፈው ቅጠል ማዳበሪያ ይሆነዋል። በሐረርጌ ደጋማ ማሳዎች ላይ ተሠርቶ በ1986 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከገርቢ ሥር ያለው ሰብል ከውጭው በአማካይ 56 በመቶ ብልጫ እንዳለው አሳይቷል። ይህ ለገበሬ ነው። ለከተማ ሰው ደግሞ ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ጥላ የሚያስፈልገን በበጋ ነው፣ ገርቢ ጥላ የሚሰጠውም በበጋ ነው። ሥሩ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ስለሚወርድ በደረቅ ወንዝ ዳር በደንብ ያድጋል። ደቻቱ ዳር ከግንብ መከላከያው ጀርባ ገርቢና ሁመር ተሰባጥረው ቢተከሉ አፈሩን ይይዛሉ፣ ውኃ የሚቀዱትም ራሳቸው ናቸው። ግንቡ ይቅር አላልኩም፤ የሰው ሕይወት በሥር ብቻ አይጠበቅም። ግን ግንቡን የሚያግዝ ዛፍ እያለ ባዶ አሸዋ መተው ተገቢ አይደለም።

አንድ ሰው ሊለኝ ይችላል፦ «ድርቅ የሚችል ከሆነ ከየትም ይምጣ፤ ሀገር በቀል መሆኑ ምን ይጨምራል?» ለዚህ ጥያቄ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ከባድ ዋጋ ከፍላ መልስ አግኝታለች። ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍ ከ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ድሬዳዋ አካባቢና ወደ መካከለኛው አዋሽ የገባው በቅን ልብ ነው። ድርቅ ይችላል፣ ቶሎ ያድጋል፣ በረሃ ይከላከላል፣ ማገዶ ይሆናል ተብሎ። የተባለው ሁሉ እውነት ነበር። ከብት ፍሬውን በላ፣ ዘሩን በእዳሪው ዘራ፣ ጎርፍ ደግሞ የቀረውን አዳረሰ። ዛሬ በአፋር ክልል ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደያዘ ጥናቶች ይገልጻሉ፤ አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬቱንና የውኃ መንገዱን አጥቷል። ገርቢም ከብት ይበላዋል፣ ዘሩም በእዳሪ ይበተናል፤ ነገር ግን ገርቢን የሚበሉ ነፍሳት፣ የሚወዳደሩት ዛፎች፣ የሚቆጣጠሩት በሽታዎች ሁሉ እዚሁ አብረውት ኖረዋል። መጤው ይህን ሁሉ ትቶ ብቻውን ነው የመጣው። ስለዚህ አንድ ተክል ድርቅ ይችላል የሚለው ምስክርነት ብቻውን አይበቃም። ከየት እንደመጣ፣ ዘሩ እንዴት እንደሚሰራጭ፣ ካመለጠ የሚመልሰው ምን እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ይህን ስል መጤ ሁሉ ይነቀል ማለቴ አይደለም። በከተማችን ስም የሚጠራው፣ ሲያብብ ሰማዩን የሚያቀላው ዛፍ ከማዳጋስካር የመጣ ነው፤ ኒምም የደቡብ እስያ ነው። ሁለቱም ብዙ ሰው አስጠልለዋል፤ ያደጉት ይኑሩ፣ አንዱም አይቆረጥ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የከዚራን ሰፈር በቀጥታ ጎዳናዎችና በዛፍ ያቀዱ ሰዎች ዛፍ የሌለው ቆላ ከተማ እንደማይኖር ገብቷቸው ነበር፤ በዚያ ጥላ ሥር ያደግን ሁሉ እናመሰግናቸዋለን። የምለው ለሚቀጥለው ረድፍ ነው። እንዲያውም የዚያ የማዳጋስካር ዛፍ የሥጋ ዘመድ የሆነች፣ አበባዋ ነጭና ቢጫ የሆነ ዴሎኒክስ ኢላታ በራሳችን ደቡብና ምሥራቅ ቆላ ትበቅላለች። ለአዲስ ጎዳና እሷ ብትመረጥ ውበቱም ይኖራል፣ ዘሩም የእኛው ይሆናል።

ስለ ሣር ደግሞ ግልጽ ልሁን፤ እቃወመዋለሁ። አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ማለት አንድ ሊትር ነው። በእንዲህ ያለ ሙቀት የተነጠፈ ሣር አረንጓዴ እንዲሆን በካሬ ሜትር በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይፈልጋል። አንድ ሺህ ካሬ ሜትር ሣር እንግዲህ በቀን ከ4,000 እስከ 5,000 ሊትር ይጠጣል፤ ከ200 እስከ 250 ጀሪካን ማለት ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚጠበቅበት ሰፈር ጀሪካን ይዛ የምትሰለፍ እናት ፊት ለፊት ቦቴ ቆሞ ሣር ሲያጠጣ ማየት ለማንም ኃላፊ ደስ የሚል ነገር አይመስለኝም። ውኃው ደግሞ የሚያልቅ ነው። ከራሳችን በላይ ባለው ደጋ ሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ያየነው በሩቅ ታሪክ አይደለም፤ ለመስኖና ለከተማ የሚወጣው ውኃና የሚገባው ደለል ተደማምረው ነው የጨረሱት። ሣር የግድ ከሆነ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ይሁን፤ ሰርዶ ይበቃል። ሰው በማይረግጠው የመንገድ መካከል ግን ጠጠርና እሬት ይሻላል።

ይህን ከእኛ ሀብታም የሆኑ ከተሞችም ደርሰውበታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ላስ ቬጋስ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ውኃዋን በአብዛኛው የምታገኘው ከኮሎራዶ ወንዝ ነው። የኔቫዳ ግዛት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ማንም የማይቀመጥበትና የማይጫወትበት ሣር፣ ለምሳሌ የመንገድ አካፋይና የንግድ ሕንፃ ፊት ያለው፣ ከ2027 መግቢያ ጀምሮ በዚያ ወንዝ ውኃ እንዳይጠጣ ከልክሏል። ሣሩን ነቅሎ በበረሃ ተክል ለሚተካ ባለቤት ደግሞ በስፋቱ ልክ ገንዘብ ይከፈለዋል። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን ደጃቸው ላይ ጠጠርና ቁልቋል የሚመስሉ ተክሎች ሲኖሩ ድህነት አይመስላቸውም። እኛም ዘንድ እንዳይመስል የሚያደርገው የከተማው አስተዳደር ነው፤ በዋናው አደባባይ ላይ በንጽሕናና በክብር ከተተከለ ሰው ይከተለዋል።

አሁን ወደ ችግኝ ጣቢያው እመለሳለሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚቋጠረው እዚያ ነው። ሰኔ ሲገባ አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ እድር ችግኝ ፍለጋ ይመጣል። የሚወስደው ያለውን ነው። ያለው ደግሞ ዘሩ በገበያ በቀላሉ የሚገኘው፣ በሦስት ወር ውስጥ ጉልበት ድረስ የሚያድገው፣ በመኪና ሲጫን ቅጠሉ የሚያምረው ነው። ገርቢ ከየት ይምጣ? ከዓመት በፊት ማንም አልለቀመውም። ስለዚህ «ሀገር በቀል ትከሉ» የሚል መመሪያ በሰኔ ቢወጣ ማንንም አይረዳም። መመሪያው መውጣት ያለበት የግራር ፍሬ ዛፉ ላይ እያለ ነው።

ለዚህ ደግሞ የሥራው ጠባይ ራሱ ይናገራል። የግራር ዘር መሬት ከወደቀ በኋላ የሚለቀም ከሆነ ግማሹን ነቀዝ በልቶታል፤ ፍሬው ሳይወድቅ ከዛፉ ላይ መራገፍ አለበት። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ በፈላ ውኃ ተነክሮ እስኪቀዘቅዝ ማደር አለበት፣ ያለዚያ ወራት ተኝቶ ይከርማል። የቁርቁራና የበደኖ ጠንካራ ፍሬም የራሱ አያያዝ አለው። ከርቤ ደግሞ ከዘር ይልቅ ከተቆረጠ ቅርንጫፍ ቶሎ ይይዛል፤ አርብቶ አደሩ ሕያው አጥር የሚሠራበት በዚህ ነው። ይህን ዕውቀት መጽሐፍ ውስጥም እናገኘዋለን፤ አዘነ በቀለ ተሰማ ስለ ኢትዮጵያ ጠቃሚ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ያዘጋጀው ሥራ ለብዙ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ መምህር ነው፤ ብሔራዊ ዕፅዋት ማኅደሩም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የሽንሌንና የመልካ ጀብዱን አርብቶ አደሮች፣ ከገጠር እንጨትና መፋቂያ ጭነው የሚመጡ እናቶችን ጠይቁ። የትኛው ዛፍ የት እንደቀረ፣ የትኛው መቼ እንደሚያፈራ ያውቃሉ። ለቀማው ለእነሱ ክፍያ ያለው ሥራ ይሁን፤ ዛፉን ከመቁረጥ ይልቅ ዘሩን መሸጥ የሚያዋጣ ከሆነ ዛፉም ይተርፋል።

የችግኝ ላስቲኩም ነገር አለ። ግራርና ገርቢ ቅድሚያ የሚያወጡት ሥር ነው፤ አጭር ላስቲክ ውስጥ ሥሩ ይጠመዘዛል፣ ተጠምዝዞ የተተከለም ዛፍ በአምስተኛው ዓመት በነፋስ ይወድቃል። ረጅም ላስቲክ ያስፈልጋል፤ ይህ ዋጋ ይጨምራል፣ ግን ሁለቴ ከመትከል ይረክሳል። ችግኙ ከመውጣቱ በፊት ጥላው ቀስ በቀስ ይነሳ፣ ውኃውም ይቀነስ፤ ከጥላ በቀጥታ ወደ ሐምሌ ፀሐይ የወጣ ችግኝ ይቃጠላል። ከተተከለ በኋላም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ይጎዳዋል፣ ሥሩ ወደ ላይ ይቀራልና። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ በጥልቀት ይጠጣ፣ ዙሪያው በግማሽ ጨረቃ እርከን ይታሰር፣ ላዩ ድንጋይ ይልበስ። ሁለት በጋ ካለፈ በኋላ አብዛኞቹ ከእኛ ውኃ አይጠይቁም።

ስለ ጉዳታቸውም አልሸሽግም። ግራር፣ በደኖና ቁርቁራ እሾኽ አላቸው፤ ሕፃናት በባዶ እግር የሚሮጡበት ቦታ አይሆኑም፣ እዚያ ሁመርና ወይባ ይተከል። የቁልቋልና የአዴኒየም ወተት መርዝ ነው፣ ዓይን ይጎዳል፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ግቢ ይራቁ፣ በሚቆርጧቸው ሠራተኞች እጅ ላይም ጓንት ይሁን። ሀገር በቀል ዛፍ ቶሎ አያድግም የሚለውም ክስ በከፊል እውነት ነው። ግራር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚሠራው ከመሬት በታች ስለሆነ ሹም አልፎ ቢያየው ምንም የተሠራ አይመስለውም። ስለዚህ የሥራ መለኪያችንም ይቀየር። በሐምሌ ስንት ተተከለ ከሚለው ይልቅ ከሁለተኛው በጋ በኋላ ስንት ጸደቀ የሚለው ይቆጠር፤ በዓይነቱም ተለይቶ ይጻፍ። አሥር ሺህ ተክሎ አንድ ሺህ ከማትረፍ ሁለት ሺህ ተክሎ አንድ ሺህ አምስት መቶ ማትረፍ ይበልጣል፤ ውኃውም፣ ቦቴውም፣ የሰው ድካሙም ይተርፋል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ እንዲህ ነው። ለሚቀጥሉት መንገዶችና መናፈሻዎች ውል ስትፈርሙ የዛፉ ዓይነት በስሙ በውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ «ጥላ ዛፍ» ወይም «የውበት ተክል» የሚል ጥቅል ቃል ተቋራጩን ወደ ርካሹ ይመራዋል። ከከተማው ችግኝ ጣቢያዎች በአንዱ ውስጥ ለአካባቢው ቆላ ተክል ብቻ የተለየ መደብ ይኑር። ከእነዚህ ጎን እንደ ዬሄብ ያሉ፣ በኦጋዴንና በሶማሊያ ብቻ የሚበቅሉና የመጥፋት ስጋት ያለባቸው ቁጥቋጦዎች ጥቂትም ቢሆን ቦታ ያግኙ። የከተማው የተክል ዝርዝርም በየዓመቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ስሙ ለሕዝብ ይለጠፍ፤ አንድ አባወራ ደጁ ላይ ምን ቢተክል እንደሚሻለው ለማወቅ ቢሮ ድረስ መመላለስ የለበትም።

እኔና ችግኝ የሚያፈሉ ጥቂት ጓደኞቼ ዘር ለመልቀምና የመጀመሪያውን መደብ ያለ ክፍያ ለማዘጋጀት ፈቃደኞች ነን። ከእናንተ የምንፈልገው ረጅም ላስቲክ፣ አፈርና አሸዋ፣ ጥላ ያለው አንድ ጥግ፣ እንዲሁም በወንዝ ዳርና በሜዳው ካሉት ዛፎች ፍሬ እንድንለቅም የሚፈቅድ ደብዳቤ ነው። የገርቢና የግራር ፍሬ በበጋ ስለሚደርስ መልሳችሁን እስከ ጥቅምት መጨረሻ ብናገኝ ለዘንድሮው ለቀማ እንደርሳለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የድሬዳዋ ነዋሪ